የሌላ ባህል ሰው ለቅሶ ልትደርሱ ነው? በሥራዬ ያየሁትን ልንገራችሁ

የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ሰው ሲያርፍ አጠገቡ መገኘት፣ ቤተሰብ መጥራት፣ ክፍሉን ማዘጋጀት፣ ሐዘንተኞቹን መቀበል የዘወትር ሥራችን ነው። ነዋሪዎቹ ከየትም የመጡ ናቸው። አይሁድ አለ፣ ሂንዱ አለ፣ ሙስሊም፣ ሲክ፣ ጃፓናዊ፣ ቻይናዊ፣ ጋናዊ፣ ሩሲያዊ አለ። ሞት ሁሉንም እኩል ያደርጋል ይባላል። እውነት ነው፤ ለቅሶው ግን እንደየቤቱ ነው።

ጓደኞቼ ሥራዬን ስለሚያውቁ ሰው በሞተ ቁጥር ይደውሉልኛል። «የአለቃዬ እናት አረፉ፣ ቻይናዊ ነው፣ ምን ለብሼ ልሂድ?» «ጎረቤቴ አይሁድ ናት፣ አበባ ልውሰድ?» «ምንም ሳልናገር ዝም ብዬ ብቀመጥ ነውር ነው?» እዚህ የምጽፈው ለነሱ የምመልሰውን ነው።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ልብስ ነው። እኔ ግን ከድምፅ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሐዘንተኛን ስንጎዳ ያየሁት ከልብስ ይልቅ በዚህ ነው።

በአንድ ወቅት እኛ ጋ በአንድ ኮሪደር ሁለት ሰዎች ተከታትለው አረፉ። የአንደኛዋ ልጆች እየጮሁ፣ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። የሌላው ቤተሰቦች የሲክ እምነት ተከታዮች ናቸው። ከበው ቆመው ጸለዩ፣ ድምፅ አላሰሙም፣ እንባ ሲመጣም ቶሎ ጠረጉት። ምሳ ላይ ስለ ሁለቱም ሲወራ ሰማሁ። ስለ መጀመሪያዎቹ «አበዙት» ተባለ። ስለ ሁለተኛዎቹ ደግሞ «እነዚህማ ምንም አልመሰላቸው»። በጣም ተናደድኩ። በሲክ እምነት ሞት የፈጣሪ ፈቃድ ስለሆነ ዋይታ አይበረታታም፤ ያ ሁሉ ዝምታ እምነታቸውን መጠበቃቸው ነው። ልጁ የአባቱን ዕቃ ሊወስድ ሲመጣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ መነሳት አቅቶት አይቻለሁ። ይህን ያየ ሰው «ምንም አልመሰላቸው» ሊል አይችልም።

በእስልምናም ተመሳሳይ ነገር አለ። እንባ አልተከለከለም። ነቢዩ ሙሐመድ ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። የሚከለከለው ልብስ መቅደድ፣ ፊት መምታት፣ ሙሾ እያወረዱ መጮህ ነው። በተቃራኒው አየርላንድ ውስጥ በድሮ ጊዜ አስከሬኑ ዙሪያ ሙሾ የሚያወርዱ ሴቶች ነበሩ፤ ቀሳውስቱ ቢቃወሙም ልማዱ ለዘመናት ዘልቋል። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች አስከሬኑን ክፍት ሳጥን ውስጥ አድርገው ለቀናት ከበውት ይቀመጣሉ፣ ለብቻው አይተዉትም፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ በቀጥታ ለሟቹ ይናገራል፤ ያመሰግነዋል፣ ቅሬታ ካለውም ፊት ለፊት ይነግረዋል። በኒው ኦርሊንስ ደግሞ ሙዚቀኞቹ ወደ መቃብር ሲሄዱ ቀስ ያለ የሐዘን መዝሙር ይጫወታሉ፣ ከሟቹ ጋር ተሰነባብተው ሲመለሱ ግን ሞቅ ያለ ሙዚቃ ይጀምራል፣ ሕዝቡም ከኋላ እየጨፈረ ይከተላል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ የሐዘኑን ጥልቀት በእንባው መጠን አትለኩ። የሚጮኸውን «በቃ፣ በቃ» አትበሉት። ዝም ያለውንም «አልቅስ፣ ይውጣልህ» ብላችሁ አታስጨንቁት። የቤቱን ድምፅ አድምጡና የራሳችሁን ድምፅ በዚያ ልክ አድርጉ።

አሁን ወደ ልብስ። «ጥቁር ከለበስኩ የትም አልሳሳትም» የሚል ሰው ብዙ ነው። በከፊል ነው እውነቱ። ጥቁር በአውሮፓ ረጅም ታሪክ አለው፤ የጥንት ሮማውያንም ሲያዝኑ ጠቆር ያለ ቶጋ ይለብሱ ነበር። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤታቸው ልዑል አልበርት እ.ኤ.አ. በ1861 ሲሞቱ ጥቁር ለበሱ፣ ራሳቸው እስከሞቱበት እስከ 1901 ድረስም አላወለቁትም። በዚያ ዘመን ባሏ የሞተባት እንግሊዛዊት መጀመሪያ ድፍን ጥቁር ትለብሳለች፤ ከዓመት በላይ ከቆየች በኋላ ነው ወደ ግራጫና ወደ ሐምራዊ የምትሸጋገረው። ጌጧ ሳይቀር ዊትቢ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ የሚመጣ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ከሟቹ ፀጉር የተጎነጎነ አምባርና ቀለበትም ይደረግ ነበር።

በሂንዱ ቤተሰብ ለቅሶ ግን የሚጠበቀው ነጭ ነው። ብዙዎቹ ጥቁር ለብሶ የመጣን ሰው አይወዱለትም፤ ጌጥ የሌለው፣ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ልብስ ይሻላል። በቻይናም የቆየው የሐዘን ቀለም ነጭ ነው። ዛሬ ጥቁርም ይለበሳል፣ ቀይ ግን የሠርግና የደስታ ቀለም ስለሆነ ፈጽሞ አይሆንም። ጋና ውስጥ የአካን ሕዝቦች ጋ ብትሄዱ ደግሞ ሐዘንተኛው ቀይና ጥቁር ለብሶ ታገኙታላችሁ! ዕድሜ ጠግቦ ለሞተ አዛውንት ደግሞ ነጭ ይለበሳል፣ ለረጅሙ ዕድሜ ምስጋና ነውና። አዲንክራ የሚባሉ ምልክቶች የታተሙበት ጨርቅም አላቸው። ከምልክቶቹ አንዱ መሰላል ነው፤ የሞትን መሰላል አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም፣ ሁሉም ይወጣዋል ማለት ነው። አንዲት የጋና ተወላጅ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ምልክት በእጇ አየር ላይ እየሣለች ስታስረዳኝ፣ ያኔ የሞተባት ሰው ሳይኖር እንባዋ መጣ።

ነጭ የእስያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ በ1500ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳይ ውስጥ በሐዘን ላይ ሳለች ነጭ ለብሳ ተሥላለች፣ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ልማድ ስለነበር። የኔዘርላንድስ ንግሥት ቪልኸልሚና እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሞቱም ቀብራቸው በራሳቸው ፈቃድ በነጭ ነው የተከናወነው። ጃፓንም ድሮ በነጭ ታዝን ነበር፤ ጥቁር የተለመደው የምዕራቡ ልማድ በሜጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1912) ከገባ በኋላ ነው። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ለቀብር ሙሉ ጥቁር ካልለበሳችሁ ዓይን ውስጥ ትገባላችሁ። ታይላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ንጉሥ ፑሚፖን ሲሞቱ የመንግሥት ሠራተኛ ለአንድ ዓመት ጥቁር እንዲለብስ ተደረገ፣ ገበያ ላይ ጥቁር ልብስ እያለቀ ሰው ያለውን ልብስ ጥቁር ቀለም ያስነክር ነበር።

ታዲያ ምን ልልበስ ነው ጥያቄው። መጠየቅ ከቻላችሁ ጠይቁ። ካልቻላችሁ ግን ሂንዱ ቤት ነጭ ወይም ፈዛዛ፣ ጃፓናዊ ጋ ሙሉ ጥቁር፣ ሌላው ጋ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ፣ የማያብረቀርቅ፣ ጥለትና ጽሑፍ የሌለው ልብስ ልበሱ። የሲክ ቤተ መቅደስ ከሆነ ራስ ይሸፈናል፣ ጫማ ይወልቃል፤ ሻርፕ ይዛችሁ ሂዱ። መስጊድም ጫማ ይወልቃል፣ ሴት ፀጉሯን ትሸፍናለች።

ስለ ልብስ ይህን ያህል የጻፍኩት የማምንበት ነገር ስላለ ነው። የሐዘን ልብስ ዋናው ጥቅም ለተመልካቹ ነው። «ይህ ሰው ሐዘን ላይ ነው፣ ቀስ በሉት» ብሎ ይናገራል። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ሲለወጥ ደግሞ «ትንሽ በርታ ብያለሁ፣ አሁን ልታነጋግሩኝ ትችላላችሁ» ይላል። የአይሁድ ሐዘንተኛ ልብሱን ይቀድዳል፤ ለአባትና ለእናት በግራ በኩል በልብ ትይዩ፣ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወንድም ወይም ለእህት፣ ለልጅ ደግሞ በቀኝ። የሚያውቅ ሰው ቀዳዳውን አይቶ ማን እንደሞተበት እንኳ ሊገምት ይችላል። ኮሪያ ውስጥ የሟች የቅርብ ሴት ዘመዶች ፀጉራቸው ላይ ትንሽ ነጭ ሪባን ይሰካሉ፣ ወንዶቹ ክንዳቸው ላይ መስመር ያለው ጨርቅ ያስራሉ። በሂንዱ ልማድ ብዙ ጊዜ የበኩር ልጅ ፀጉሩን ይላጫል፤ ያ የተላጨ ራስ ለሳምንታት ይናገርለታል። ዛሬ ግን በየቢሮው እናቱን ቀብሮ በሦስተኛው ቀን ሥራ የገባ ሰው ፊቱ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ሰው ይስቅበታል፣ ይቆጣዋል፣ ሪፖርት አዘገየህ ይለዋል። ምልክት ያለው ባህል ካላችሁ አትተዉት። ከሌላችሁ ደግሞ አንዲት ጥቁር ሪባን ደረት ላይ መሰካት ማንንም አይጎዳም። እኔ እህቴ የሞተች ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ሰዎች ሳልነግራቸው ረጋ ብለው ነው ያነጋገሩኝ።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ምን ማለት እንደሚገባ ካየሁት ሁሉ ልቤን የነካው የአይሁድ ልማድ ነው። ከቀብር በኋላ ሰባት ቀን ቤት ይቀመጣሉ፣ ሺቫ ይሉታል። ሐዘንተኞቹ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ናቸው፣ መስታወት ይሸፈናል፣ በር አይቆለፍም፤ ጎብኚ ሳያንኳኳ ገብቶ ይቀመጣል። ከዚያ ምን ይላል? ምንም። ሐዘንተኛው ራሱ እስኪናገር ጎብኚው አፉን አይከፍትም። ሐዘንተኛው ስለ ሟቹ ማውራት ከፈለገ ስለ ሟቹ ይወራል፣ ስለ ሌላ ከፈለገ ስለ ሌላ፣ ዝም ካለም ዝም ተብሎ ይወጣል። ሲወጣ የሚባል የታወቀ የማጽናኛ ቃል አለ፣ እሱን ብሎ ይሄዳል። በቃ። «እንዴት ነህ?» አይባልም፤ መልሱ ይታወቃላ።

እህቴ ስትሞት ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ብዙ ነበር፣ ሁሉንም አመሰግናለሁ። ግን ብዙው ሰው ዝምታ ሲፈጠር ይፈራል፣ ከዚያ ያገኘውን ይናገራል። «ጊዜ ሁሉን ይፈውሳል»፣ «እንኳን አልተሠቃየች»፣ «አንቺ ደግሞ ጠንካራ ነሽ»። አንዲት ሴት፣ አባቷን እኛ ጋ እንከባከብላት የነበረች፣ ሰምታ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች። ከሰላሳ ደቂቃ በላይ አንድም ቃል አልተናገረችም፣ ስልኳንም አላወጣችም። ስለ እህቴ ማውራት የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ያን ቀን ለማንም ያላወራሁትን አወራሁላት። ከዚያ በኋላ የማንንም ለቅሶ ስደርስ የማደርገው ይህንኑ ነው፣ የየትኛውም እምነት ሰው ይሁን። ገብታችሁ ተቀመጡ፣ ጀማሪው እሱ ይሁን። ዝምታው ካስጨነቃችሁ «አዝኛለሁ፣ አብሬህ ልቀመጥ ነው የመጣሁት» በቂ ነው። ሟቹን የምታውቁት ከሆነ ደግሞ የምታስታውሱትን አንድ ትንሽ ነገር ተናገሩ። «ሁልጊዜ በጠዋት መስኮት ይከፍቱ ነበር» ዓይነት። ለቤተሰቡ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የሟችን ስም መጥራት በሁሉም ቦታ ማጽናኛ አይደለም። በብዙ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ የሟች ስም ለተወሰነ ጊዜ፣ አንዳንዴም ለዓመታት አይጠራም፣ ፎቶውም አይታይም። በማዕከላዊ አውስትራሊያ ያ ስም ያለው በሕይወት ያለ ሰው እንኳ በሌላ መጠሪያ ይጠራል። የአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሞቱ ሰዎች ምስል ሊታይ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት የሚያሳዩት ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያሉት የናቫሆ ሕዝቦችም ስለ ሟች ማውራትን በልማዳቸው ይሸሻሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ ሟቹን እንዴት እየጠራ እንደሆነ ስሙ፣ እናንተም እንደዚያው ጥሩ።

ባዶ እጅ መሄድ ለሚከብዳችሁ ደግሞ ይህን ልበል። አበባ ሁሉ ቦታ ደህና ስጦታ ይመስለናል፣ አይደለም። የአይሁድ ቤት አበባ አይወሰድም፤ መቃብር ላይም የሚቀመጠው ትንሽ ጠጠር ነው። ሩሲያውያን ጋ ከሄዳችሁ አበባውን ቁጠሩት፣ ለሐዘን የሚሰጠው ሙሉ ቁጥር፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ነው፤ ጎደሎ ቁጥር ለልደትና ለደስታ ነው የሚሰጠው። በፈረንሳይ፣ በጣሊያን፣ በቤልጂየም፣ በጃፓንም ክሪሳንተመም የሚባለው አበባ የመቃብር ነው፤ ለቀብር ሲሆን ደህና፣ ለእራት የጋበዛችሁን ሰው ቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ያስደነግጣል።

ጃፓኖችና ቻይናውያን ጋ በፖስታ ገንዘብ መስጠት የተለመደ ነው። ጃፓን ውስጥ ፖስታው ጥቁርና ነጭ ወይም ብርማ ገመድ የታሰረበት ልዩ ፖስታ ነው። ልጥልጥ ያለ አዲስ ብር አይከተትበትም፤ ሞቱን ጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ያዘጋጃችሁት ይመስላል። አራትና ዘጠኝ የሚሉት ቁጥሮችም የሞትና የሥቃይ ድምፅ ስላላቸው ይሸሻሉ። ቻይናውያን ጋ ፖስታው ነጭ፣ ገንዘቡ ጎደሎ ቁጥር ነው። ቀይ ፖስታ በጭራሽ! አንድ ሰው በቀና ልብ ቀይ ፖስታ ይዞ ሊገባ ሲል በር ላይ ያስቀረሁበት ቀን አለ፣ እዚያው ቢሮ ውስጥ ነጭ ፖስታ ፈልገን ቀየርንለት።

ምግብ መውሰድ ብዙ ቦታ ያስመሰግናል። ነቢዩ ሙሐመድ የአጎታቸው ልጅ ጃዕፈር ሲሞት «ለቤተሰቡ ምግብ ሥሩላቸው» ብለው አዘዋል። አይሁዶችም ከቀብር ሲመለሱ የመጀመሪያውን ማዕድ የሚያቀርበው ጎረቤት ነው፣ ሐዘንተኛው የራሱን ምግብ አይበላም፤ እንቁላልና ምስር የመሰለ ክብ ነገር ይቀርባል። በብዙ የሂንዱ ቤቶች በሐዘኑ የመጀመሪያ ቀናት እሳት አይነድም፣ ዘመድ ነው የሚያቀርበው። ግን ስለ ሥጋ፣ ስለ ሐላል፣ ስለ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ ስለሚፈቀደው ምግብ) ሳትጠይቁ አትውሰዱ። ሐዘንተኛ ቤት ሊበላ የማይችል ምግብ ይዞ መግባት ሌላ ጭንቀት ነው፣ ያመሰግኗችኋል፣ ከዚያ የት እንደሚያደርጉት ይጨነቃሉ።

አሁን ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ፣ ስለ ቀኖቹ።

ከቤተሰቦቹ ጋር ሳወራ ሁሉም ጋ ቁጥር እንዳለ አስተዋልኩ። በእስልምና ሐዘን ሦስት ቀን ነው፣ ባሏ ለሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከአሥር ቀን፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ። አይሁድ ሰባት ቀን፣ ከዚያ ሰላሳ ቀን፣ ለወላጅ ደግሞ አሥራ ሁለት ወር። ሂንዱዎች ብዙ ጊዜ አሥራ ሦስት ቀን። ቡድሂስቶች አርባ ዘጠኝ ቀን፣ በየሰባቱ ቀን እየጸለዩ። የሩሲያና የግሪክ ኦርቶዶክሶች በሦስተኛው፣ በዘጠነኛው፣ በአርባኛው ቀንና በዓመቱ። ሜክሲኮ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ጸሎት አለ፣ ከዚያ በየዓመቱ በጥቅምት መገባደጃ፣ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 1 እና 2፣ የሟቾች ቀን ይከበራል፤ ብርቱካናማ አበባ፣ ሻማ፣ ፎቶ፣ ሟቹ የሚወደው ነገር ሁሉ ተደርድሮ ይጠበቃል። ጃፓኖች በመጀመሪያው፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ያስባሉ፣ እስከ ሠላሳ ሦስተኛው የሚሄዱም አሉ። ማዳጋስካር ውስጥ በየተወሰኑ ዓመታት የዘመዶቻቸውን አጽም ከመቃብር አውጥተው በአዲስ ሐር ጠቅልለው፣ ዘፍነው፣ ጨፍረው መልሰው የሚያሳርፉ አሉ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶራጃዎች ደግሞ ለቀብሩ ድግስ እስኪዘጋጁ ድረስ፣ ለወራትም ለዓመታትም ቢሆን፣ ሟቹን ቤት ውስጥ አስቀምጠው እንደ ታመመ ሰው ያነጋግሩታል፣ ምግብ ያቀርቡለታል።

ቁጥሮቹ የተለያዩ ናቸው፣ የሚሠሩት ሥራ ግን ይመሳሰላል። መጀመሪያ ሐዘንተኛውን ከሁሉም ነገር ያሳርፉታል። ከዚያ ቀስ በቀስ ያወጡታል። የሺቫው ሰባተኛ ቀን ሲያልቅ ሐዘንተኞቹ ተነስተው ከቤት ወጥተው ሰፈሩን አንድ ዙር የመዞር ልማድ አለ። እግራቸው ወደ ሕይወት እንዲመለስ ሰው እጃቸውን ይዞ ያስወጣቸዋል። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ሌላው ሰው ሲረሳ እነሱ አይረሱም። ቀብር ላይ ሰው ይሞላል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ስልክ አይቆምም፣ ከወር በኋላ ግን ማንም የለም፤ የአርባው፣ የአርባ ዘጠኙ፣ የዓመቱ ቀን ግን ሰው እንደገና እንዲሰበሰብ ያስገድዳል።

የጥንቱ የቻይና ፈላስፋ ኮንፊሺየስና ተማሪው ዛይ ዎ በዚህ ጉዳይ ተከራክረዋል። ዛይ ዎ ለወላጅ ሦስት ዓመት ማዘን በዛ፣ አንድ ዓመት ይበቃል አለ። ኮንፊሺየስ ያኔ ጥሩ ብትበላና ጥሩ ብትለብስ ልብህ ይመቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀው። ይመቸኛል አለ። ከተመቸህ አድርገው አለው። ተማሪው ከወጣ በኋላ ግን ልጅ ከወላጆቹ ክንድ የሚወርደው ሦስት ዓመት ሞልቶት ነው ብሎ አዘነበት። ሁለቱም የተናገሩት ልክ ይመስለኛል፣ እንደየልባቸው። የምጠላው በመሥሪያ ቤት ደንብ ጥቂት ቀን ተሰጥቶ «በቃ፣ ተወጣው» መባሉን ነው።

«ሐዘን አምስት ደረጃ አለው፣ አሁን ሦስተኛው ላይ ነህ» የሚሏችሁንም አትስሙ። ያ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1969 ከዶክተር ኤልሳቤጥ ኩብለር-ሮስ የመጣ ነው፣ መነሻው ደግሞ ራሳቸው ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ ነበር። የሐዘንተኛ የጊዜ ሰሌዳ ተደርጎ አልተሠራም። በሌላ በኩል ደግሞ ሐዘን ሰውን ሊያደክም እንደሚችል አትርሱ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም መዝግቦታል። ለአዋቂ ሰው ከሞቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሐዘኑ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሲበረታ፣ የዕለት ኑሮን ሲያሰናክል፣ ደግሞም ከሰውየው ባህልና እምነት ልማድ በግልጽ ሲያልፍ ነው የሚባለው። የመጨረሻዋ ነጥብ በጣም ደስ ትለኛለች፣ ባህሉን ሳያውቁ «ታሟል» ማለት አይቻልምና። እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችሁ ካለ፣ በተለይ መኖር አልፈልግም ካለ፣ ቀን አትጠብቁ፤ አብራችሁት ባለሙያ ጋ ሂዱ።

እንደኔ በእንክብካቤ ሥራ ላይ ላላችሁ ደግሞ አንድ ሁለት ነገር። ነዋሪው ሳይሞት በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ፣ በኋላ ጊዜ የለም። ሙስሊሞችና አይሁዶች ቶሎ መቅበር ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ የወረቀቱ ሥራ አይጓተት። አጠባው በራሳቸው ሰዎች ነው፤ ሙስሊም ሟችን ሲያጥቡ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ነው፣ ባልና ሚስት ግን ሊተጣጠቡ ይችላሉ። የአይሁድ ሟች እስኪቀበር አስከሬኑ ብቻውን አይተውም፣ አጠገቡ ወንበር አድርጉ። ከቲቤት ቡድሂስቶች መካከል አስከሬኑ ለሰዓታት፣ ከተቻለም ለቀናት እንዳይነካ የሚፈልጉ አሉ፤ ከአለቆቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ የሚቻለውን ያህል ስጧቸው። ሰነዱ ላይ «ቡድሂስት» ወይም «ክርስቲያን» የሚል ስላለ ብቻ ሁሉን ያወቃችሁ አይምሰላችሁ። ከአንድ እናት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች አባታቸው ሲሞት አንዱ ሥርዓቱ አንዲት ሳትጎድል ይፈጸም ሲል፣ ሌላው ምንም አልፈልግም ሲል አይቻለሁ።

ለመጠየቅ አታፍሩ። የምትጠይቁት ግን ዋናውን ሐዘንተኛ አይሁን። የአጎት ልጅ፣ ምራት፣ የቤተሰቡ ጓደኛ፣ የእምነቱ አባት ፈልጉ። እኔ የምጠይቀው ይህችን ነው፦ «መምጣት እፈልጋለሁ፣ መቼ ነው ሰው የሚቀበሉት? ምን ልልበስ? ምን ባመጣ ይጠቅማቸዋል፣ ምን ባላመጣ ይሻላል?» ሰው በመጠየቄ ሲቆጣ አላየሁም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ በዚያው ስለ ልማዳቸው ያጫውተኛል።

ከዚያ የሞተበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። በእምነታቸው ቀን ካላቸው በነሱ ቀን፣ ከሌላቸው በወሩ፣ በመንፈቁ፣ በዓመቱ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። ቀኑ ሲደርስ ረጅም ነገር አያስፈልግም። እኔ የምልከው እንዲህ ነው፦ «ዛሬ አባትህን እያሰብኩ ነበር፣ አንተንም። መመለስ የለብህም። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ከፈለግህ እመጣለሁ፣ ካልፈለግህ ሌላ ቀን።» የተወሰነ ቀን ጻፉለት፣ «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ደውል» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ስልክ አንስቶ እርዱኝ ለማለት ጉልበት የለውም።